ምክንያት የማይጠየቅበት ደጅ

ከጭሮ ከተማ ተነሥቶ በበዴሳና በገለምሶ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ፣ ቡናውንና ጫቱን፣ ማሽላውንና በቆሎውን በግራና በቀኝ እያሳለፈ፣ ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁለቱን ወርዶ መቻራ ሲደርስ፣ መንገደኛው ከአዲስ አበባ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እንደ መጣ ወገቡ ይነግረዋል። መቻራ የዳሮ ለቡ ወረዳ መቀመጫ ናት። ነጋዴው በቡናዋ ያውቃታል፤ የእርሻ ሊቃውንት በምርምር ማእከሏ ያውቋታል፤ የሥነ ምድር ሊቃውንትም በዙሪያዋ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ከተቦረቦሩት ዋሻዎች ገብተው፣ ጠብታ በጠብታ ላይ እየተደረበ ካበቀለው ድንጋይ የጥንቱን ዘመን የዝናብ ታሪክ ስለሚያነቡ፣ ስሟን በየጽሑፋቸው ያነሣሉ። ይህ ሐተታ ግን ከቡናውም ከዋሻውም አይደለም፤ ከወረዳው ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ከማመልከቻ ጸሐፊዎች መቀመጫ ነው።

ፍርድ ቤት ባለበት የኢትዮጵያ ከተማ ሁሉ ማመልከቻ ጸሐፊ አለ። አንዳንዱ ዛሬ ኮምፒውተር ገዝቶ ከሱቅ ውስጥ ቢገባም፣ አንዳንዱ ገና ከጥላ ሥር ነው፤ ጉልበቱ ላይ ወረቀት ዘርግቶ፣ ባለጉዳዩ እየማለና እየተገዘተ፣ ከሰባት ዓመት በፊት ከሆነው ነገር ጀምሮ የሚያወርድለትን የቂምና የእንባ ታሪክ ሰምቶ፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ዳኛው የሚፈልጋቸውን አምስት መስመሮች ይለያል። ይህ ሥራ ከቶ ቀላል አይደለም። የመሬት ወሰን የተገፋበት፣ ውርስ የተከለከለ፣ ቀለብ የተቆረጠባት፣ ያበደረውን የተካደ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ከፍርድ ቤቱም ውጭ ቢሆን ያለ ማመልከቻ የሚፈጸም ጉዳይ ጥቂት ነው፤ የመብራት ቆጣሪ በማመልከቻ ነው፣ የሥራ ዝውውር በማመልከቻ ነው፣ የጠፋ መታወቂያ የሚተካው በማመልከቻ ነው።

በአንድ የችሎት ቀን ጧት፣ አባቷን ተከትላ የመጣች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ የአባቷን የወሰን ክርክር ወረቀት ለአባቷ ጮክ ብላ አንብባ ከጨረሰች በኋላ፣ ወደ ሽማግሌው ጸሐፊ ዞራ አንድ ነገር ጠየቀች። ንግግሩ በኦሮምኛ ነበር፤ እኔ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ።

«አባባ፣ ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ማመልከቻው እንዴት ይጻፋል?»

ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ በነጠላው ጫፍ እየጠረገ ሳቀ። «አቦ! ለዚህስ ማመልከቻ የለውም፣ ልጄ። እሱ በቁጥር ነው። ቢኖረው ኖሮ እኔ እጽፍልሽ ነበር፤ ዋጋም አልጠይቅሽም።»

ልጅቱ እንደ ማፈር ብላ ዝም አለች። መልሱ ግን ልክ ነበር። በኢትዮጵያ ሕግ ሊማር የሚፈልግ ወጣት «ስለ ምን ሕግን መረጥህ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ወረቀት የለም፤ ምክንያቱን የሚጽፍበት ባዶ መስመር የለም፤ ፊቱን አይቶ ቃሉን ሰምቶ የሚመዝን መምህርም የለም። ያለው የፈተና ውጤትና የምርጫ ተራ ቁጥር ነው። ስለዚህ ስለ ሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ መጻፍ የፈለገ ሰው ስለዚያ ቁጥር መጻፍ ግድ ይሆንበታል።

ቁጥሩ የሚወለደው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ከሚያዘጋጀው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛና ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ የሚባለውን የአስተሳሰብ መመዘኛ፣ ታሪክን፣ ጂኦግራፊንና ኢኮኖሚክስን ይፈተናል። ፈተናው ቀድሞ በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄው ከፈተናው ሰዓት በፊት በየስልኩ እየዞረ፣ የደከመውና ያልደከመው እኩል የሚሆንበት ዘመን ስለ መጣ፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ሥርዓቱ ተለወጠ። ተማሪዎች በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ይወሰዳሉ፤ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ፈተናው እስኪያልቅ በዚያው ያድራሉ፣ በዚያው ይበላሉ። ከቤቱ ርቆ አድሮ ለማያውቅ የገጠር ልጅ ዩኒቨርሲቲን መጀመሪያ የሚያየው በዚህ መልክ ነው፤ በርግጥ ገብቷል፣ ነገር ግን ገና አልገባም።

የመጀመሪያው ዓመት ውጤት በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ሲነገር አገሩን ሁሉ አስደነገጠ። ዘጠኝ መቶ ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ ከዚያ በኋላ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ፈተና ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዙዎች ነበሩ። እነዚህን አኃዞች ከቢሮ ሆኖ የሚያነብ ሰው ስለ ትምህርት ጥራት ውድቀት ይናገራል፤ ትክክልም ነው። ከመቻራ ሆኖ የሚያነባቸው ግን ሌላ ነገር ያያል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በሽማግሌዎች ክርክር ጥግ ቁጭ ብሎ የማንኛው ወገን ነገር እንደሚጸና ቀድሞ የሚያውቅ፣ አንደበቱ የቀና፣ ልቡ ለፍትሕ የሚቃጠል ልጅ፣ በሒሳብ ጥያቄ ምክንያት ከሕግ ደጃፍ ሲመለስ ያያል። ሒሳብ ለሕግ ሰው አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ የውርስ ድርሻ የሚካፈለው በሒሳብ ነው። ግን የሒሳብ መምህር በየዓመቱ በሚለዋወጥበት ትምህርት ቤት የተማረን ልጅ፣ ሙሉ የትምህርት ዘመኑን አንድ ጎበዝ መምህር ካስተማረው ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን መስፈር፣ ሚዛኑ የቱንም ያህል ቀጥ ያለ ቢሆን፣ ርትዕ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ሃምሳ ያልሞላው ሁሉ ወዲያው አይወድቅም። መንግሥት ሪሚዲያል የተባለ የማካካሻ ትምህርት ከፍቶ፣ በተወሰነው ነጥብ ላይ የደረሱት ተማሪዎች እንደ ገና ተምረው እንደ ገና እንዲፈተኑ አድርጓል፤ ከገጠር የመጡ ብዙ ልጆች በዚህ ጠባብ በር አልፈዋል። ያለፈው ደግሞ ወደ ምደባ ይሄዳል። ተማሪው የሚወዳቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል በኮምፒውተር ወይም በስልክ ይሞላል፤ ከዚያም የትምህርት ሚኒስቴር ይመድበዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ ተቋም ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ በዚያ ሊማር የወደደ ሌላ ደጅ ይጠናል። ተመድቦ የገባው ተማሪም ቢሆን ገና የሕግ ተማሪ አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ ትምህርት ነው፤ ሕግን የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ክፍሉ የሚቀበለው ቁጥር ስለሚወሰን፣ የብሔራዊ ፈተናው ውጤትና የመጀመሪያው ዓመት ነጥብ ተደምረው ፈላጊዎቹ በተራ ይደረደራሉ። ሁለተኛው ወንፊት ከመጀመሪያው ይልቅ ዝም ያለ ነው፤ ስለ እርሱ ጋዜጣ አይጽፍም፣ በቴሌቪዥንም አይነገርም፤ ነገር ግን ሕግን ተመኝተው ገብተው ሌላ ነገር አጥንተው የሚወጡት በእርሱ ነው።

ሰው ሕግ ዐዋቂ የሚሆንበት መንገድ በአገራችን ዘወትር እንዲህ አልነበረም። በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት የግብጽ ክርስቲያን የሆነው ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ያሰናዳው፣ ወደ ግእዝ ከተመለሰም በኋላ ፍትሐ ነገሥት ተብሎ ለዘመናት የሀገሪቱ የሕግ መጽሐፍ ሆኖ የኖረው ድርሳን ሃምሳ አንድ አንቀጾች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሁለቱ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ የቀሩት ስለ ሥጋዊ ፍርድ ናቸው። ይህን ለመማር የፈለገ ደቀ መዝሙር ከትርጓሜ መምህር ቤት ሄዶ ደጅ ይጠናል፤ እንጨት እየለቀመ፣ ውኃ እየቀዳ፣ በቁራሽ እያደረ፣ ትዕግሥቱና ጠባዩ ከታየ በኋላ ከጉባኤው ይቀመጣል። መምህሩ የተማሪውን ምክንያት በቃል አይጠይቁትም፤ በኑሮው ያነቡታል። በሕዝቡም ዘንድ የሙግት ጥበብ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአደባባይ የሚቀሰም ነበር። በላ ልበልሃ በሚባለው የክርክር ሥርዓት ተሟጋቹ እየተውረገረገ፣ ነገሩን በምሳሌና በቅኔ እያዋዛ፣ ባላንጣውን በተጠየቅ እያጣደፈ ሲከራከር፣ በዛፍ ጥላ ሥር ቆመው የሚሰሙት ሕፃናት ሳያውቁት ተማሪዎች ነበሩ።

መቻራ ያለችበት የጨርጨር አገር በዚህ የሕግ ታሪክ ውስጥ ያላት ስፍራ ከብዙ ሰው የተሰወረ ነው። ዛሬ ጭሮ የምትባለውን፣ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ የተባለችውን ከተማ ለአውራጃው መቀመጫነት ያቀኑት፣ በ1910ዎቹ ዓ.ም. የጨርጨር ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒህ ሰው በሩሲያ የመድፍ ትምህርት የተማሩ፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉ፣ ጨርጨርንም ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ የምትሆን ሥርዓት ያላት ግዛት ለማድረግ የደከሙ ሊቅ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ሲሆኑ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ በታወጀ ጊዜ ለመኳንንቱና ለመሳፍንቱ ምንነቱን ያስረዱትም እሳቸው ነበሩ። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፤ በዘመኑ በአገሪቱ አንድም አልነበረምና። ንድፉ በብዙ የተወሰደው ከጃፓን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ቢሆንም፣ ሕግ ገዥውንም ጭምር የሚመለከት ነገር መሆኑን ለመኳንንት ጉባኤ ያስረዳ ሰው ቀደም ሲል በጨርጨር ተራሮች ላይ ሲያስተዳድር የኖረ መሆኑ፣ ለመቻራ ተማሪ ሊነገር የሚገባው ታሪክ ነው። 

ዘመናዊው የሕግ ትምህርት የተከፈተው ሕጎቹ ከተጻፉ በኋላ ነው። የስዊሱ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ 3,367 አንቀጾች ያሉት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታወጁ። እነዚህን ሕጎች በእጁ ይዞ የሚፈርድ፣ የሚከራከርም ሰው ያስፈልግ ስለ ነበር፣ በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ መምህራኑም ከሞላ ጎደል የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ፋኩልቲው ከሌላው ሥራው ጋራ ፍትሐ ነገሥትን በአባ ጳውሎስ ጻድዋ ትርጉም በእንግሊዝኛ አሳትሞ ለዓለም አቅርቧል። ከዚያ ወዲህ ለሠላሳ ዓመታት ያህል በአገሪቱ ሕግ በዲግሪ ለመማር የሚፈልግ ወጣት ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት፤ ከሐረርጌ ቆላና ደጋ የተነሣ ልጅ ለዚያ ማዕርግ መብቃቱ እንደ ብርቅ ይታይ ነበር።

በሐረርጌ የመጀመሪያው ከፍተኛ የትምህርት ተቋም የእርሻ ኮሌጅ ሆነ። ይህም በአጋጣሚ አልመጣም፤ የክፍለ ሀገሩ ሀብት ከአፈሩ ነውና። አለማያ ላይ በአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትብብር የቆመው ኮሌጅ፣ ስሙ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ እስኪሆን ድረስ ብዙ ትውልድ የእርሻ ባለ ሙያ አፍርቷል። የሕግ ትምህርቱ በዚያ የተጨመረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዘመን በመቀሌ፣ በባሕር ዳር፣ በጅማና በሌሎችም ከተሞች የሕግ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በጭሮ ደግሞ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ ይደረግበት በነበረው በኦዳ ቡልቱም ስም ተጠራ። አንድ የጥንት የሕግ መንበር ስሙን ለዩኒቨርሲቲ ሰጠ ማለት ነው፤ ምንም እንኳ ስሙን የያዘውን ግቢ የሚረግጡት ተማሪዎች ሁሉ ይህን አስበውት የሚገቡ ባይሆንም።

እዚህ ላይ ወደ ልጅቱ ልመለስ። ስለ ምን ሕግ እንደ መረጠች ጠየቅኋት። ረዥም ነገር አልተናገረችም። በቤታቸው ስለ መሬቱ ወሰን ከዓመታት ጀምሮ ክርክር እንደ ነበረ፣ መጀመሪያ ጃርሳዎች ማለት የአገር ሽማግሌዎች እንደ ዳኙት፣ በኋላ ባላንጣው እንቢ ብሎ ፍርድ ቤት እንደ ሄደ፣ አጎቷ ደግሞ በውርስ ነገር ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዳመለከተ ነገረችኝ። «ሦስቱም የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤» አለችኝ፤ «እኔ ሦስቱን የሚያውቅ ሰው አላየሁም።»

እንዲህ ያለውን ምክንያት ሰምቶ የማይደነቅ የሕግ መምህር የለም ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ይህች ልጅ፣ ሳታውቀው፣ በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች ዋነኛውን ነክታለች። ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ3347ኛው አንቀጹ፣ በሕጉ ውስጥ በተጠቀለሉት ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማዳዊ ሕግ ሁሉ ሻረ። በወረቀት ሻረው እንጂ በመቻራ ተራሮች ላይ ያሉ ሽማግሌዎች መሻራቸውን አልሰሙም፤ ጃርሱማው፣ ማለት የጃርሳዎቹ ዳኝነት፣ ቀጠለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 34 እና 78 ለሃይማኖታዊና ለባህላዊ ዳኝነት በር ከፈተ፤ በፌዴራል ደረጃ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ተጠናከሩ፤ የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያም በአዋጅ ቁጥር 240/2013 የባህል ፍርድ ቤቶችን በሕግ አቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. በአንድ አንቀጽ የተዘጋው ደጅ ከስድሳ ዓመታት በኋላ በሌላ አዋጅ ተከፈተ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ የሚያነብ የከተማ ተማሪ ለማስተዋል ዓመት ይፈጅበታል፤ የመቻራ ልጅ ግን ከቤቷ ይዛው መጥታለች። ቁጥሩ ግን ይህን አያይም።

ቋንቋውም የዚያኑ ያህል የተወሳሰበ ነው። ልጅቱ በቤቷና በአንደኛ ደረጃ ትምህርቷ ኦሮምኛ ተናግራለች፤ በከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ በገበያ ላይ እንደ ሐረርጌ ልጅ ሁሉ አማርኛም ትቀላቅላለች። የወረዳው ፍርድ ቤት የሚሠራው በኦሮምኛ ነው። በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። አዋጅ የሚታተመው በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ የፍትሐ ብሔሩ ሕግ መጀመሪያ የተረቀቀውስ በፈረንሳይኛ ነበር። አንዲት ልጅ ለአባቷ የወሰን ክርክር ጠበቃ ለመሆን ስትነሣ አራት ልሳን መሻገር አለባት፤ የመግቢያው ፈተና ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይለካል። በእንግሊዝኛ ጠንካራ መሆን ለሕግ ተማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌላው ችሎታዋ ግን ቢያንስ የሚቆጠርበት ጥግ ሊኖረው በተገባ ነበር።

በሌላው ዓለም ደጁ እንዴት ይከፈታል ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ ሕግ የሚማረው ሌላ ዲግሪ ካገኘ በኋላ ነው፤ ከ1948 ጀምሮ (በእኛ አቆጣጠር ከ1940 ዓ.ም. ገደማ) የሚሰጠው ኤልሳት የተባለ ፈተና የማንበብና የማመዛዘን ችሎታን ይመረምራል፤ ከዚያም በላይ አመልካቹ የሕይወቱን ታሪክና ሕግ ሊማር ያነሣሣውን ምክንያት ገልጦ ይጽፋል፤ የመምህራኑንም የምስክርነት ደብዳቤ ያያይዛል። በእንግሊዝ አንዳንድ ትላልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ኤልናት የሚባለውን፣ ድርሰት ጭምር የሚጻፍበትን ፈተና ይጠይቃሉ። ሕንድም ለሕግ ትምህርት ቤቶቿ ለብቻው ክላት የተባለ ብሔራዊ ፈተና አላት።

ይህን ሰምቶ «እኛስ ስለ ምን እንዲህ አናደርግም?» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ጥቂት እጠራጠራለሁ። ምክንያት የሚጻፍበት ወረቀት ቢመጣ፣ ነገ ጠዋት በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ያሉት ጸሐፊዎች አዲስ ገበያ ያገኛሉ፤ በአዲስ አበባም ለባለ ጠጋ ልጆች እንባ የሚያስፈስስ የሕይወት ታሪክ የሚደርስ ሰው አይጠፋም። በአሜሪካም እንደዚያ ነው ይባላል። የምስክርነት ደብዳቤ ሲጨመር ደግሞ ደብዳቤ የሚጽፍለት ዘመድ ያለው ይቀድማል። በዘመድና በአማላጅ የተጎዳ ሕዝብ ቁጥርን የሚወደው በከንቱ አይደለም፤ ቁጥር አባት የለውም፣ ቁጥር ጎሣ የለውም፣ ቁጥር በምሽት ከሰው ቤት ሄዶ ደጅ አይጠናም። የመቻራ ልጅ በቁጥር ብትወድቅ እንኳ በማን ወገን እንደ ወደቀች አትጠረጥርም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚህ የተነሣ የምመኘው የደጁን መለወጥ አይደለም፤ ከደጁ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ነው። ቁጥሩ ይምረጣቸው፤ ግን ሕግን የመረጡት ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት በየራሳቸው ቋንቋ፣ ከየት እንደ መጡና ምን ዓይነት ዳኝነት ሲያዩ እንዳደጉ በአንድ ገጽ ቢጽፉ፣ መምህሩም አንብቦ ቢያስቀምጠው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው የልማድ፣ የሸሪዓና የችሎት ዕውቀት ምን ያህል እንደ ሆነ ይታወቅ ነበር። ይህ ገጽ ማንንም አይጥልም፣ ማንንም አያሳልፍም፤ ስለዚህ ለመዋሸትም ማንንም አያተጋም። ለንብረት ሕግ መምህር የጃርሳዎችን ዳኝነት በዓይኑ ያየ ተማሪ ከፊቱ መቀመጡን ማወቅ ከአንድ መጽሐፍ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ከገቡም በኋላ መንገዱ ረዥም ነው። የሕግ ዲግሪ አምስት ዓመት ይፈጃል። ሌሎቹ የትምህርት ዘርፎች የመውጫ ፈተና ሳያውቁ የሕግ ተማሪዎች ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሲፈተኑ ኖረዋል፤ በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለሁሉም ሲታወጅ፣ የሕግ መምህራን የቆየ ልምዳቸው ለሌሎቹ እንደ መቅድም ሆነ። ጠበቃ ለመሆን የሚፈልግ ከዚያ በኋላ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለሚቆሙት ይህን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም በዚያው አዋጅ ተቋቁሟል። በወረዳው ዐቃቤ ሕግ ወይም ዳኛ ለመሆን የክልሉ ሥርዓት ሌላ ነው። ከዚህ በፊት የነበሩት ሴት ሕግ ዐዋቂዎች ለዚህች ልጅ ምሳሌ ይሆኗታል፤ በአሶሳ የተወለዱት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው፣ የሴት የሕግ ባለ ሙያዎችን ማኅበር በማቋቋም ለሴቶች መብት ሲከራከሩ ከኖሩ በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። አሶሳም ከአዲስ አበባ ከመቻራ ይልቅ ትርቃለች።

አባቷ ግን የሚያስበው ሌላ ነው። ምደባው የት እንደሚጥላት አይታወቅም፤ ሐሮማያ ብትደርስ በሐረርጌ ምድር ናት፣ ዘመድም አይጠፋም፤ ነገር ግን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምዕራብ ሩቅ አገር ብትመደብ ሴት ልጅ ብቻዋን ይህን ያህል መንገድ እንዴት እንደምትሄድ ያሳስበዋል። በዳሮ ለቡና በጎረቤቱ በሐዊ ጉዲና ወረዳ በ2010 ዓ.ም. ግጭት ደርሶ ሰው ሞቶ፣ ቤት ተቃጥሎ፣ ብዙ ሰው የተፈናቀለበትን ጊዜ ያየ አባት፣ መንገድን እንደ መንገድ ብቻ አይቆጥረውም። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ምርጫው ቅደም ተከተል በዚያ ቤት የሕግ ክርክር ያህል አከራክሯል፤ እርስዋ በትምህርቱ ስም ያላቸውን ልታስቀድም፣ አባቷ በመንገዱ አጭር የሆኑትን። ያን ዕለት የት እንደ ደረሱ አልነገሩኝም፤ አባቷ ለአውቶቡስ ብር ሲቆጥር እርስዋ ግን ሐሮማያን ሦስተኛ እንዳደረገችው በጆሮዬ ሹክ አለችኝ።

የገንዘቡ ነገር ለአባቷ ቀላል መስሎት ነበር፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነጻ ነው ብሎ ያምናልና። በነጻ አይደለም። በመጀመሪያ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 የተደነገገው የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ዋጋ፣ የትምህርቱንም ወጪ አሥራ አምስት በመቶ ሥራ ከያዘ በኋላ እንዲከፍል ግዴታ ያስገባዋል። ተማሪው ይህን የሚፈርመው ሲመዘገብ ነው፤ ከወረፋው ብዛት የተነሣ አብዛኛው ተማሪ ወረቀቱን ሳያነብ ይፈርማል። የሕግ ተማሪዎች የሆኑ እንደ ሆነ፣ የውል ትምህርት ሲደርስ ከፍትሐ ብሔሩ ሕግ 1675ኛው አንቀጽ ላይ ውል ምን እንደ ሆነ፣ ከዚያ ወዲያም ፈቃድ በምን ምክንያት ሊጓደል እንደሚችል ይማራሉ፤ ያን ጊዜም በመዝገብ ቤት መስኮት ላይ በቆሙበት በመጀመሪያው ቀን ምን እንደ ፈረሙ ያነባሉ።